የሩማቶይድ አርትራይተስ ዳታ በላፕቶፕ፦ ከናሙና ሠንጠረዥ እስከ ሞዴል

ሩማቶይድ አርትራይተስ ላይ ምርምር ለመጀመር የግድ የራስ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ሌሎች ተመራማሪዎች ከታካሚ መገጣጠሚያ ናሙና ወስደው፣ ጂኖቹን ለክተው፣ ማንም እንዲጠቀምበት በነጻ ያስቀመጡት ዳታ ሞልቷል። ደህና ላፕቶፕ፣ ቢቆራረጥም ኢንተርኔት፣ ትንሽ ስታትስቲክስና ብዙ ትዕግሥት ካላችሁ መጀመር ትችላላችሁ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን ዳታውን ሳያይ ወደ ሞዴል ሲሮጥ ነው። ስለዚህ እዚህ ከአልጎሪዝሙ ይልቅ የናሙና ሠንጠረዡ ላይ ረዘም ብለን እንቆያለን። (ካልተጠቀሰ በቀር ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

በቅድሚያ ስለ በሽታው። እኛ ዘንድ የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ ወይ ቁርጥማት ነው ወይ ሪህ። ዳታ ላይ ግን መለየት ግድ ነው። ሪህ ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ውስጥ ክሪስታል ሲሠራ የሚመጣ ነው። ኦስቲዮአርትራይተስ በዋናነት ከዕድሜ፣ ከክብደትና ከጉዳት ጋር የሚያያዝ የመገጣጠሚያ መበላት ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ደግሞ የሰውነት መከላከያ በገዛ መገጣጠሚያው ላይ ሲነሣ ነው። አገራችን ውስጥ ብዙ ልጆችን የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም በስም ይቀራረባል እንጂ ሌላ ነው፤ ባክቴሪያ ያመጣውን የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ የሚመጣ ነው። ዳታ ስትፈልጉ «ሩማቲክ» ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ ሁሉም ተደባልቆ ይመጣላችኋል።

1. ጥያቄውን አጥብቡት

«የሩማቶይድ አርትራይተስ ባዮማርከር (በሽታውን የሚጠቁም ምልክት) ማግኘት» ምኞት ነው፤ ጥያቄ ለመሆን ገና ይቀረዋል። ጥያቄ ሲሆን ማን ከማን ጋር እንደሚነጻጸር፣ ከየትኛው የሰውነት ክፍል፣ በየትኛው የሕመም ደረጃ ላይ እንደሆነ ይናገራል። የእኛ ይኸውላችሁ፦ በመገጣጠሚያ ውስጠኛ ሽፋን፣ ማለትም በሲኖቪየም ውስጥ፣ በሩማቶይድ አርትራይተስና በኦስቲዮአርትራይተስ ታካሚዎች መካከል የትኞቹ ጂኖች በተለያየ መጠን ይሠራሉ? ልዩነቱስ በሌላ ከተማ በተሰበሰበ ናሙና ላይ ይደገማል? ሥራውን የምርምር ሥራ የሚያሰኘው የኋለኛው ጥያቄ ነው።

ለምን ደም አልመረጥንም? የደም ዳታ በብዛት አለ፤ ለመውሰድም ይቀላል። ችግሩ መድኃኒቱ ነው። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ደሙ ውስጥ ኒውትሮፊል (አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) ይጨምራል፤ ኤፍኬቢፒ5 የሚባለው ጂንም ከፍ ይላል። የመድኃኒት መረጃ የሌለው የደም ዳታ ይዛችሁ ታካሚን ከጤነኛ ስታነጻጽሩ፣ በሽታውን አገኘሁ ስትሉ የሐኪሙን ማዘዣ አግኝታችሁ ሊሆን ይችላል።

2. ዳታውን አውርዱ

ጂኢኦ የሚባለው የጂን አገላለጽ (ጂኖች ምን ያህል እንደሚሠሩ የሚያሳይ) ዳታ ማከማቻ በአሜሪካ ብሔራዊ የባዮቴክኖሎጂ መረጃ ማዕከል ሥር ያለ ሲሆን ከ2000 ጀምሮ ይሠራል። እያንዳንዱ ስብስብ መለያ ቁጥር አለው። ለእኛ የሚሆኑት ከጀርመን የተገኙ ሦስት ስብስቦች ናቸው። ጂኤስኢ55235 ከበርሊን ነው፤ 10 ጤነኛ፣ 10 ኦስቲዮአርትራይተስ፣ 10 ሩማቶይድ። ጂኤስኢ55457 የና ከምትባለው ከተማ ነው፤ 10 ጤነኛ፣ 10 ኦስቲዮአርትራይተስ፣ 13 ሩማቶይድ። ጂኤስኢ55584 ከላይፕዚግ ነው፤ 6 ኦስቲዮአርትራይተስና 10 ሩማቶይድ፣ ጤነኛ የለውም። በድምሩ 79 ሰው። ሦስቱም የተለኩት በአንድ ዓይነት ቺፕ (የብዙ ሺህ ጂኖችን መጠን በአንዴ የሚለካ ሰሌዳ)፣ በአፊሜትሪክስ ዩ133ኤ ነው። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ቺፕ ከቺፕ የማስታረቁ ጣጣ ቀረልን።

የምትጭኑት አር የሚባለውን የስታትስቲክስ ፕሮግራም፣ እሱን የምትጽፉበትን አርስቱዲዮንና የባዮኮንዳክተር ፓኬጆችን ነው፦ ጂኢኦኩዌሪ ለማውረድ፣ አፊ ጥሬውን ፋይል ለማንበብ፣ ሊማ ለትንተና፤ ለሞዴል ደግሞ ከአር ዋና ማከማቻ ከክራን ጂኤልኤምኔትን። ሁሉም ነጻ ናቸው። ፓይተን የለመደ በፓይተን ይሥራ፤ ለቺፕ ዳታ ግን አር ይቀናል።

ኢንተርኔቱ ለሚያስቸግራችሁ አንድ ነገር ልጠቁም። አር አንድን ፋይል ለማውረድ በራሱ የሚጠብቀው 60 ሰከንድ ብቻ ነው። ኔትወርኩ ቀስ ካለ ፋይሉ ሳያልቅ ይቋረጥና ቀጥሎ የሚመጣው የስሕተት መልእክት ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ ይመስላል። ሰዓቱን በአር ቅንብር ውስጥ ወደ ብዙ ደቂቃ አሳድጉት። አንዴ የወረደውን በአር የፋይል ዓይነት ላፕቶፓችሁ ላይ አስቀምጡና ሁልጊዜ ከዚያ ክፈቱ። መብራት ቢጠፋም እዚያው ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ።

ማከማቻው ውስጥ የተዘጋጀ ሠንጠረዥም ጥሬ ፋይልም አለ። ጥሬውን ውሰዱ። ከዚያ አርኤምኤ በሚባለው ዘዴ የእያንዳንዱን ከተማ ዳታ ለየብቻው አስተካክሉ። ሦስቱን በአንድ ላይ ማስተካከል ሥራ ያቀላል፤ ግን ኋላ ለፈተና የምናስቀምጠው ከተማ ከሌሎቹ ጋር ተነካክቶ ይጠብቀናል። ከተስተካከለ በኋላ ቁጥሮቹ በሎግ 2 ሚዛን ላይ ናቸው፤ በግምት ከ2 እስከ 16 ባለው ውስጥ መውደቅ አለባቸው። በሺዎች የሚቆጠር ቁጥር ካያችሁ ሎግ አልተወሰደም ማለት ነው። በተቃራኒው ሁለቴ ሎግ መውሰድም የተለመደ ጥፋት ነው፤ ያኔ ሁሉም ቁጥር ከ4 አይዘልም።

3. ሠንጠረዡን እንደ ፖሊስ አንብቡት

ብዙ መመሪያ ይህን በሁለት መስመር ያልፈዋል። እኔ ግን ሙሉ ቀን ስጡት ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ከተማን በአግድም፣ በሽታን በቁም አድርጋችሁ ናሙናዎቹን ቁጠሩ። ከላይ የጻፍኳቸው ቁጥሮች ራሳቸው ታሪክ ይናገራሉ። ላይፕዚግ ጤነኛ የለውም። ስለዚህ ሦስቱን ከተሞች ቀላቅላችሁ ታማሚን ከጤነኛ ብታነጻጽሩ፣ ከላይፕዚግ የመጣ ልዩነት ሁሉ በታማሚው ወገን ብቻ ይገባል። የበሽታ ልዩነት ይመስላችኋል፤ የከተማ ልዩነት ነው።

ሁለተኛ፣ «ጤነኛ» የሚለውን ቃል አትመኑ። የታማሚዎቹ ሲኖቪየም የተወሰደው በቀዶ ሕክምና ጊዜ ነው። የጤነኛ ተብለው የገቡት ናሙናዎች ደግሞ ከሞቱ ሰዎች መገጣጠሚያ ወይም በአደጋ ከተጎዱ ሰዎች የመጡ ናቸው። ልክ ነው፤ ከየትኛው ጤነኛ ሰው ጉልበት ላይ ሥጋ ተቆርጦ ይወሰዳል? ይሁን እንጂ ናሙናው ከሰውነት የወጣበት ሁኔታ በራሱ ጂን ይለውጣል። ፎስና ጁን የሚባሉት ጂኖች ለጭንቅ በደቂቃዎች ውስጥ መልስ የሚሰጡ ናቸው። በጤነኛና በታማሚ መካከል እነሱ ከዝርዝሩ አናት ላይ ቢወጡ፣ ስለ አርትራይተስ ከማውራታችሁ በፊት ስለ አወሳሰዱ አስቡ። ጥያቄያችንን በሩማቶይድና በኦስቲዮአርትራይተስ መካከል ያደረግነውም ለዚሁ ነው፤ ሁለቱም ወገን በቀዶ ሕክምና የተወሰደ ነው፣ ሁለቱም በሦስቱ ከተሞች አለ።

ሦስተኛ፣ ጾታን ከጂኑ አረጋግጡ። ይህን ሳደርግ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ኤግዚስት የሚባለው ጂን በሴቶች ላይ ከፍ ብሎ ይሠራል። አርፒኤስ4ዋይ1 ደግሞ ዋይ ክሮሞሶም ላይ ስላለ ወንድ ላይ ብቻ ይታያል። አንዱን በአግድም፣ ሌላውን በቁም አድርጋችሁ ነጥቦቹን ሣሉ። ናሙናዎቹ በሁለት ማዕዘን ይከማቻሉ። ሴት ተብሎ የተመዘገበ ናሙና በወንዶቹ ማዕዘን ከተገኘ መለያው ተቀያይሯል ማለት ነው፤ ጾታው የተቀያየረ ናሙና በሽታውም ሊቀያየር ይችላል። ሁለቱም ጂን ከፍ ያለበት ካለ የሁለት ሰው ናሙና ተደባልቆ እንደሆነ ጠርጥሩ። ጾታው ጭራሽ ያልተጻፈ ከሆነም በዚህ መንገድ ሞልታችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። ሩማቶይድ አርትራይተስ በሴቶች ላይ ከወንዶች ከ2 እስከ 3 እጥፍ ስለሚበዛ፣ ጾታን ሳይዙ ማነጻጸር የወንድና የሴት ልዩነትን በበሽታ ስም ማቅረብ ይሆናል።

በመጨረሻ ፒሲኤ ሣሉ፤ በናሙናዎቹ መካከል ያለውን ትልልቅ ልዩነት በጥቂት ዘንጎች ጠቅልሎ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ነጥቦቹን አንዴ በከተማ፣ አንዴ በበሽታ፣ አንዴ በጾታ ቀለም ቀቡ። የመጀመሪያው ዘንግ ከተማን ብቻ ከለየ አትደንግጡ፤ ለየብቻ የተስተካከለ ዳታ ላይ የሚጠበቅ ነው። መጠየቅ ያለባችሁ በእያንዳንዱ ከተማ ውስጥ ሁለቱ በሽታዎች ይለያያሉ ወይ የሚለውን ነው።

4. የጂን ልዩነት ትንተና

በሊማ ለእያንዳንዱ ጂን ቀላል መስመራዊ ሞዴል ይሠራል። በሞዴሉ ውስጥ በሽታን፣ ከተማንና ጾታን አብራችሁ አስገቡ። ከተማውን በሌላ መሣሪያ መጀመሪያ «አጥቦ»፣ የታጠበውን ዳታ እንደ ንጹሕ ቆጥሮ መተንተን ብዙ ሰው የሚሠራው ነው። ለዚህ የሚጠቀሙበት ኮምባት የሚባለው መሣሪያ ለሥዕል ጥሩ ነው። ለስታትስቲክስ ግን፣ በተለይ ቡድኖቹ በየከተማው እኩል ካልሆኑ፣ ያልተገባ እርግጠኝነት ይሰጣችኋል። ከተማውን ሞዴሉ ውስጥ ማስገባት ያንኑ ሥራ በታማኝነት ይሠራዋል።

ቺፑ ላይ 22,283 መለኪያዎች አሉ። ምንም ልዩነት ባይኖር እንኳ ከ0.05 በታች የሆነ ፒ ዋጋ በዕድል ብቻ ወደ 1,100 ገደማ ታገኛላችሁ። ስለዚህ የምትጠቅሱት በቤንጃሚኒና ሆክበርግ ዘዴ የተስተካከለውን ዋጋ ነው። ከዋጋው ጋር የልዩነቱን መጠንም ተመልከቱ።

ውጤቱን በኤክሴል መክፈት ከፈለጋችሁ ተጠንቀቁ። ኤክሴል ሴፕት2 የሚባለውን ጂን መስከረም ወር መስሎት ወደ ቀን ይለውጠዋል። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ የጂን ስያሜ ኮሚቴው እነዚህን ስሞች ቀይሮ ሴፕቲን2 ወደሚል አምጥቷቸዋል። በድሮ ስም የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ግን አሁንም አለ።

5. ጂኑ ነው የተለወጠው ወይስ ሴሉ?

ዝርዝሩ አናት ላይ ሲኤክስሲኤል13ና የፀረ እንግዳ አካል ጂኖች ቢመጡ አትገረሙ። ሲኤክስሲኤል13 ቢ ሴሎችን የሚጠራ ኬሚካል ነው። የሩማቶይድ ሲኖቪየም በመከላከያ ሴሎች የተሞላ ነው፤ የኦስቲዮአርትራይተሱ ያን ያህል አይደለም። አንድ ቁራሽ ሥጋ ፈጭታችሁ ስትለኩ፣ የፀረ እንግዳ አካል ጂን መብዛት «እያንዳንዱ ሴል ብዙ ሠራ» ማለትም ሊሆን ይችላል፣ «ሠሪዎቹ ሴሎች በዙ» ማለትም ሊሆን ይችላል። በአብዛኛው ሁለተኛው ነው። ይህን ሳይለዩ ስለ «ጂን ቁጥጥር» መጻፍ አንባቢን ማሳሳት ነው።

መፍትሔ አለ። ሲበርሶርት የመሰሉ መሣሪያዎች ከተፈጨው ልኬት ተነሥተው የሴሎቹን ድርሻ ይገምታሉ፤ የመጀመሪያው ማመሳከሪያው 22 ዓይነት የመከላከያ ሴሎችን ይዟል። ማመሳከሪያው የተሠራው ከደም ሴሎች ስለሆነ ፋይብሮብላስት (ሥጋን አያይዞ የሚይዘውን መዋቅር የሚሠራ ሴል) የለበትም፤ ሲኖቪየም ደግሞ ያለ ፋይብሮብላስት ሲኖቪየም አይደለም። ስለዚህ ከመገጣጠሚያው ከራሱ የተሠራ፣ እያንዳንዱ ሴል ለየብቻው የተለካበት የነጠላ ሴል ማመሳከሪያ ይሻላል። ኤኤምፒ የሚባለው የአሜሪካ የምርምር ጥምረት በ2019 ከሲኖቪየም 18 የሴል ቡድኖችን ለይቶ አወጣ። በ2023 ደግሞ ከ79 ሰዎች (በአጋጣሚ የእኛም 79 ነው) ከ314,000 በላይ ሴሎችን ይዞ መጣና ናሙናዎቹን በሚበዛባቸው የሴል ዓይነት በስድስት ከፈላቸው። ከዝርዝራችሁ አናት ያሉትን ጂኖች ወስዳችሁ በየትኛው ሴል እንደሚሠሩ እዚያ አመሳክሩ። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው፤ የውይይት ክፍላችሁን ግን ሙሉ በሙሉ ሊቀይረው ይችላል።

የፓዝዌይ ትንተናም (ጂኖቹ አብረው የሚሠሩትን ሥራ መፈለግ) ሠርታችሁ ማለፍ ትችላላችሁ። «ብግነት» የሚል ውጤት ይመጣል፤ ሌላ ምን ይመጣል? ብቻ መነሻ ዝርዝራችሁ ቺፑ ላይ ያሉት ጂኖች እንጂ የሰው ልጅ ጂኖች ሁሉ አይሁኑ።

6. ሞዴሉ

አሁን ሁለቱን በሽታዎች የሚለይ ሞዴል እንሥራ። ከበርሊንና ከየና 23 ሩማቶይድና 20 ኦስቲዮአርትራይተስ አሉን፤ 43 ናሙና። ላይፕዚግን በሩን ዘግተን ለፈተና እናስቀምጠዋለን፤ 10 ሩማቶይድና 6 ኦስቲዮአርትራይተስ።

43 ሰውና ከ20,000 በላይ መለኪያ ሲገናኙ ሞዴል ይሸመድዳል። ስለዚህ ኢላስቲክ ኔት የመሰለ፣ ጂኖችን በጥቂቱ የሚመርጥና ክብደታቸውን የሚቀንስ ዘዴ ተጠቀሙ። ዲፕ ለርኒንግ ለዚህ መጠን ዳታ አያስፈልግም፤ ለማስዋብ ካልሆነ።

ትልቁ ወጥመድ እዚህ ነው። ብዙ ሰው በክፍል 4 በሁሉም 59 ናሙናዎች ላይ ምርጥ 50 ጂኖችን ያወጣል፤ ከዚያ በእነዚህ ጂኖች ሞዴል ሠርቶ ላይፕዚግ ላይ ይፈትናል። ውጤቱ ያማረ ይሆናል። ግን ጂኖቹ ሲመረጡ የላይፕዚግ መልስ ታይቷል፤ ፈተናው ከማታው ቴሌግራም ላይ ወጥቶ ጠዋት እንደ መፈተን ነው። የጂን ምረጣው፣ የሚዛን ማስተካከሉ፣ የቅጣቱ (ክብደት የመቀነሱ) መጠን ምርጫ፣ ሁሉም በርሊንና የና ውስጥ ብቻ ይደረግ። በውስጥ ዙር ማረጋገጫ (ናሙናውን ከፋፍሎ በየተራ አንዱን ክፍል ለፈተና ማስቀመጥ) ስትጠቀሙም ምረጣው በየዙሩ እንደ አዲስ ይሠራ።

ላይፕዚግን አንዴ ብቻ ክፈቱት። ውጤቱንም በልኩ አንብቡት። ሁሉንም «ሩማቶይድ» የሚል ደደብ ሞዴል እንኳ ከ16ቱ 10 ያገኛል፤ 62.5 በመቶ ማለት ነው። አንድ ሰው መሳት ብቻ ውጤቱን 6.25 ነጥብ ያወርደዋል። ስለዚህ «94 በመቶ ትክክል» ከማለት «ከ16ቱ አንዱን ሳተ» ማለት ይሻላል። ቀጥሎ ከተሞቹን አዟዙሩ፤ አንዴ በርሊንን፣ አንዴ የናን ለፈተና አስቀምጡ። ሌላም ቀላል ፍተሻ አለ፦ የበሽታውን መለያ በዘፈቀደ በውዛችሁ ሥራውን ከሥር ጀምሮ ድገሙ። በተበወዘ መለያ ላይም ሞዴሉ ጎበዝ ከሆነ የሆነ ቦታ ፈተናው ሾልኳል።

ሞዴሉ ቢሳካ ምን ይጠቅማል? እውነቱን ለመናገር ለምርመራ አይጠቅምም። ሐኪም ሁለቱን በሽታዎች በሕመሙ ታሪክ፣ በራጅና በደም ምርመራ ይለያቸዋል፤ ለዚህ ብሎ ከመገጣጠሚያ ሥጋ አይቆርጥም። ጥቅሙ መንገዱን መማሩ ነው፤ ያንኑ መንገድ ሐኪሙ በእርግጥ ወደሚቸገርበት ጥያቄ መውሰድ ይቻላል፦ ለየትኛው ታካሚ የትኛው መድኃኒት ይሠራል?

በ2021 የወጣው አር4አርኤ የተባለው ሙከራ ይህንኑ ጠይቋል። ፀረ ቲኤንኤፍ መድኃኒት (ብግነት የሚያቀጣጥለውን ቲኤንኤፍ የሚያግድ) ያልሠራላቸው 164 ታካሚዎች የሲኖቪየም ናሙና ተወስዶላቸው ሪቱክሲማብ ወይም ቶሲሊዙማብ ተሰጣቸው። ሪቱክሲማብ ቢ ሴልን የሚያጠፋ ስለሆነ፣ ቢ ሴል በሌለበት መገጣጠሚያ ላይ ምን ሊሠራ ነው የሚል ግምት ነበር። ናሙናው በማይክሮስኮፕ ታይቶ ሲከፈል የሁለቱ መድኃኒቶች ልዩነት በስታትስቲክስ አልጸናም። በአርኤንኤ ንባብ (የሚሠሩትን ጂኖች ቅጂ አንብቦ በመቁጠር) ሲከፈል ግን ቢ ሴል ባነሰባቸው ላይ ቶሲሊዙማብ በልጦ ተገኘ። ባዮኢንፎርማቲክስ፣ ማለትም እንዲህ ያለ የሕይወት ዳታ በኮምፒውተር መተንተን፣ ታካሚው አልጋ ድረስ የደረሰበት ምሳሌ ይህ ነው።

ከቺፕ ወደ አርኤንኤ ንባብ ለመሸጋገር ከፈለጋችሁ ጂኤስኢ89408 አለ፤ ጤነኛ፣ ጀማሪና የቆየ ሩማቶይድ፣ ኦስቲዮአርትራይተስም ይዟል። እዚያ ቁጥሮቹ ጥሬ ቆጠራ ስለሆኑ ለቆጠራ የተሠሩት ፓኬጆች፣ ዴሴክ2 ወይም ኤጅአር፣ ያስፈልጋችኋል።

7. የዘር ዳታና እኛ

በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት 276,020 ሰዎችን ከአምስት የዘር ምንጮች ወስዶ ከሩማቶይድ አርትራይተስ ጋር የተያያዙ 124 የጂኖም ሥፍራዎችን አግኝቷል፤ 34ቱ አዲስ ነበሩ። ከአፍሪካ ዘር የመጡት ድርሻ ግን ጥቂት ነው። ይህ ሥራ ላይ የሚታይ ችግር አለው። ፒቲፒኤን22 ላይ ያለው ታዋቂ ለውጥ በሰሜን አውሮፓ የተለመደ ሲሆን በአፍሪካውያንና በምሥራቅ እስያውያን ዘንድ የለም በሚባል ደረጃ ነው። ስለዚህ በአውሮፓውያን ላይ የተሠራ የአደጋ ነጥብ (ከጂን ለውጦች ተነሥቶ በበሽታው የመያዝ ዕድልን የሚገምት ቁጥር) ወስዶ አዲስ አበባ ላይ መለካት ቁጥር ይሰጣል እንጂ ብዙ አይናገርም።

የአገር ውስጥ ዳታ የምትሰበስቡ ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ የመጀመሪያው ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ንም አንብቡት። ከዚያ የሚመጣው ችግር ማንም የውጭ መመሪያ የማይጽፍላችሁ ነው። አንዱ የቀን አቆጣጠር ነው። ታካሚው ሕመሙ የጀመረው «በ2010» ይላል፤ ጸሐፊው የመጣበትን ቀን በፈረንጅ 2024 ብሎ ይሞላል። ኮምፒውተሩ 14 ዓመት የታመመ ሰው ያወጣል፤ እውነቱ 6 ወይም 7 ነው። ጀማሪ ሕመም የቆየ ሆኖ ተመደበ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ቀን አቆጣጠሩን የሚናገር ዓምድ ጨምሩ።

ሌላው ስም ነው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ በሦስት ካርድ ላይ ሦስት ሰው ይሆናሉ። ድግግሞሽ ከመፈለጋችሁ በፊት ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሠና ሰን፣ ዐና አን፣ ፀና ጸን ወደ አንድ አምጧቸው። የሳንባ ነቀርሳ ታሪክም ዓምድ ይኑረው፤ ፀረ ቲኤንኤፍ መድኃኒቶች የተኛ ነቀርሳን ስለሚቀሰቅሱ ሐኪሙ መድኃኒት ሲመርጥ ያየዋል፣ ሞዴላችሁም ካላየው የሐኪሙን ምርጫ በበሽታው ይተረጉመዋል። የስቴሮይድ መጠንን በሚሊግራም፣ «ይወስዳል/አይወስድም» በሚል ብቻ ሳይሆን፣ ናሙናው በተወሰደበት ዕለት መዝግቡ። ድግግሞሹ ከተጣራ በኋላ ስሞቹን በኮድ ተኩ፤ ስምና ኮድ የያዘው ዝርዝር ከዳታው ጋር በአንድ ፍላሽ ላይ አይቀመጥ።